«ሰው ቤት» የተማሩት ሩዝ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወርድ መንገደኛ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ጃኬቱን ማውለቅ ነው። ደሴ ላይ ጥርሱን ሲያንቀጫቅጨው የነበረው ብርድ እዚህ የለም። ሁለተኛ የሚያደርገው ደግሞ የመኪናውን መስኮት መክፈት ነው፤ ይኼኔ በፍራፍሬ ሻጮች ተከበበ ማለት ነው! እንደ ወራቱ ማንጎ ነው፣ ፓፓያ ነው፣ ዘይቱን ነው... አዲስ አበባ ላይ በኪሎ ተከራክረን የምንገዛውን ማንጎ እዚህ ልጆች በሳህን ደርድረው «ቅመሰው፣ ካልጣፈጠህ አትክፈል» ይሏችኋል።

ስለ መርሳ ማንጎ ግን ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ሩዝ ነው። አዎ፣ ስለ ሩዝ!

«ሩዝ ደግሞ ምን ይወራለታል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ለብዙዎቻችን ሩዝ ማለት ሆድ ሲታወክ የሚቀቀል የበሽተኛ ምግብ ነው። ካልሆነም ሠርግ ላይ ካሮትና ፎሶሊያ ተቀላቅሎበት ሰው ሁሉ ወደ ክትፎው ሲጋፋ ዳር ላይ ተረስቶ የሚቀር ነገር። «ሩዝ አምሮኝ ነው» ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አዲስ አበባ ላይ አይቼ አላውቅም። መርሳ ላይ ግን አየሁ።

ጊዜው በ2012 ዓ.ም. ጥር፣ የጥምቀት ሰሞን ነው። አባዱላችን መርሳ ቆመና ረዳቱ «ምሳ! ሠላሳ ደቂቃ!» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ወደ ለመዳቸው ሆቴሎች ሲበተን ሹፌራችን ግን ወደ ውስጥ በምታስገባ አንዲት ቅያስ ታጥፎ ሄደ። የሹፌርን ምግብ ቤት መከተል ከመንገድ ሕጎች ሁሉ አንደኛው ነው፤ ሹፌር የማይረባ ቤት አይበላም። ሦስት ሆነን ተከተልነው። እኔ፣ ለበዓል ወደ ቆቦ የሚሄድ ባሕር ዳር የመርከብ ትምህርት ተምሮ በውጭ አገር መርከብ ላይ የተቀጠረ አንድ ወጣት መካኒክ፣ እና ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አንዲት እናት።

ቤቷ ስም የላትም። በካርቶን ላይ በፓርከር «ሩዝ አለ» ተብሎ ተጽፏል፤ አለቀ። ውስጧ ሦስት ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ከሰል ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ሁለት ትልልቅ ድስት። ባለቤቲቱ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ሠላሳዎቹን አጋማሽ ያለፈች ሴት ናት። ሳህኑ ሲመጣ ረዣዥም ነጭ ሩዝ፣ እርስ በርሱ ሳይጣበቅ፣ ወደ ብጫና ቡኒ የሚያደላ መልክ ይዞ፣ በላዩ ላይ የዶሮ እግር ተኝቶበታል። ሽታው ቀረፋ ነው፣ ቅርንፉድ ነው፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው ኮምጠጥ ያለ ነገር አለው። ጎኑ ላይ እንደ ማጣቀሻ የኛው የወሎ ዳጣ፣ እንዲያው አንድ ማንኪያ። ነጠላ የተከናነቡት እናት ከሁለተኛው ድስት፣ ሥጋ ካልገባበት፣ ድንችና ካሮት ብቻ ካለበት ወሰዱ። «የኔ እናት፣ የእርሶ ለብቻው ነው፤ ማንኪያውም ለብቻው ነው» አለቻቸው ሳይጠይቋት።

የመርከቡ ልጅ ሁለት ጉርሻ እንደበላ ቀና አለ።

«ይኼን ሲንጋፖር በልቼዋለሁ!»

«ሲንጋፖር ሳዑዲ ውስጥ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ኧረ የለም፣ ከህንድም ማዶ ነው። ቅመሙ ሌላ ነው፣ እዚያ ይኼ ቀረፋ የለውም። ሩዙ ግን እንዲህ ነው። የዶሮውን መረቅ ጠጥቶ የበሰለ ነው፣ አይደለም?»

«ታዲያ በውሃ ሊበስል ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። «እዚያ የሚሠሩት እነማን ናቸው? የኛ ልጆች?»

«ቻይናዎች ናቸው።»

«እነሱስ ከማን ተማሩት?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም የዚያን ዕለት አልነበረኝም። በኋላ ግን ነገሩን ተከታትዬ ሳነብ የሴትዮዋ ጥያቄ የዋዛ እንዳልነበረ ገባኝ።

ከቻይና በስተደቡብ ሐይናን የሚባል ደሴት አለ። የዚያ ደሴት ሰዎች ዌንቻንግ በምትባል አገራቸው ስሟ የተጠራ የዶሮ ዘር አላቸው። ዶሮዋን በለስላሳ እሳት ይቀቅሏታል፤ ከዚያ መረቁንና ስቧን አይደፉም፣ ሩዝ ያበስሉበታል። አለቀ፣ ይኼው ነው ምግቡ። ታዲያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የሐይናን ወንዶች ድህነት ሲያንገሸግሻቸው በመርከብ እየተጫኑ እንግሊዝ ወደሚገዛቸው ወደ ማላያና ሲንጋፖር ተሰደዱ። ችግሩ ዘግይተው ነው የደረሱት! ከሌላው የቻይና ክፍል የመጡት፣ ሆኪየኖቹና ቲዮቺዎቹ፣ ንግዱን ቀድመው ይዘውታል። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ቋንቋ ለሚናገር ብቻ ሥራ ይሰጣል። ሐይናኖቹ ምን ቀራቸው? ሰው ቤት መግባት!

እንግሊዞቹ ቤት አሽከር ሆኑ፣ ወጥ ቤት ሆኑ፣ በመርከብና በሆቴል አሳላፊ ሆኑ። በዓለም የታወቀውን «ሲንጋፖር ስሊንግ» የተባለ መጠጥ ራፍልስ ሆቴል ባር ውስጥ ቀምሞታል የሚባለውም እንዲሁ የሐይናን ሰው ነው፣ ንጂያም ቶንግ ቡን ይባላል። ማድ ቤት ገብተው የእንግሊዝን ጥብስና ሻይ አፈላል ተማሩ፤ ለራሳቸው ደግሞ በጓሮ የእናታቸውን ሩዝ እያበሰሉ በሉ።

የኋላ ኋላ ጊዜው ተገለባበጠ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የዓለም ንግድ ሲወድቅ ብዙ ጌቶች ሠራተኛ ቀነሱ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓን ሲንጋፖርን ያዘችና እንግሊዞቹ ራሳቸው እስረኛ ሆኑ። አሽከሩ ያለ ጌታ ቀረ! ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ ለሌላ ሰው ማብሰል፣ ማቅረብ፣ ሒሳብ መቀበል። ቡና ቤት ከፈተ። ከዚያ በፊትም በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ሩዙን እንደ ኳስ ድቡልቡል አድርገው፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው በየመንገዱ የሚያዞሩ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ «ስዊ ኪ» የተባለ ሚድል ሮድ ላይ ያለ ቤት የሐይናንን ዶሮ በሩዝ ታዋቂ አደረገው፤ እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ድረስም ሠርቷል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የሲንጋፖሩ ሳህን ከሐይናን እንደወጣ አልቀረም። ቻይናዊው ጎረቤት ከካንቶን ይዞት የመጣውን ዘዴ ሰጠው፤ ዶሮዋ ከድስት እንደወጣች በረዶ ውሃ ውስጥ ትነከራለች፣ ቆዳዋ ጥብቅ ብሎ ሥጋዋ ለስላሳ ይሆናል። ከአካባቢው ደግሞ በቀይ ቃሪያ፣ በዝንጅብልና በሎሚ የተፈጨ ማጣቀሻ ተጨመረለት። ዳጣ በሉት! ሩዙም ውስጥ የዚያ አገር ሽታ ያለው ቅጠል ገባ። የሐይናን ሰው ዛሬ ሲንጋፖር ሄዶ ቢበላው «ይኼማ የኛ ነው» ይላል፣ ሁለተኛ ሲጎርስ ግን «ይኼስ የማን ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ዛሬ ይኼ የአሽከሮች ሩዝ የሲንጋፖር ብሔራዊ ምግብ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የማሌዢያ የቱሪዝም ሚኒስትር «የኛ ነው» ብለው ጭቅጭቅ አስነስተው ነበር። ሰው የሚጣላበት ምግብ መቼም የማይረባ አይደለም። ግንቦት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ማሌዢያ በሕይወት ያሉ ዶሮዎች ወደ ውጭ እንዳይወጡ ስትከለክል ሲንጋፖሮች እንደ ነዳጅ እጥረት ተሸበሩ፤ ሩዝ ቤቶቹ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። የዘይት ሰልፍ ለምናውቀው ለኛ ይኼ ይገባናል፤ ልዩነቱ የነሱ ለአንድ ሳህን ምሳ መሆኑ ነው።

አሁን «ቻይና ከተነሣማ ወሎ ውስጥስ ቻይና ሞልቶ የለ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው። ከወልድያ ተነስቶ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚደርሰውን፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ገንዘቡ የተገኘው አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው፤ ሥራው ያለቀው በደርግ ጊዜ። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚሄደውን የባቡር መስመር እንዲሠራ የተሰጠው ለቻይና ኩባንያ ነበር። ያ ሁሉ ቻይና ወሎ ውስጥ ከርሞ፣ ተራራ ቆርጦ፣ ድልድይ አቁሞ ሲሄድ ለወልድያና ለመርሳ ገበታ አንድ ምግብ አለመተዉ አይገርማችሁም?

እኔን ገርሞኝ ነበር። አሁን ግን አይገርመኝም። የመንገድ ሠራተኛ ቻይናዊ ከወጥ ቤቱ ጋር ይመጣል፣ ካምፕ ውስጥ ያበስላል፣ ካምፕ ውስጥ ይበላል፣ ሲያልቅ ድስቱን ጭኖ ይሄዳል። አጥሩ ውስጥ የተቀቀለውን የመንደሩ ሰው በሽታ ብቻ ነው የሚያውቀው። በሐይናን አሽከርና በባቡር ሠራተኛው መካከል ያለው ልዩነት ይኼ ነው፤ አንዱ ሰው ቤት ገባ፣ ሌላው የራሱን ቤት ይዞ መጣ።

ለማመሳከሪያ ጣልያንን ውሰዱ። ከመርሳ ትንሽ ወደ ደሴ መለስ ስትሉ ውጫሌ አለች፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት፣ በ17ኛው አንቀጽ ትርጉም ሰበብ አድዋ ድረስ ያደረሰችን። ጣልያን ተመልሶ መጥቶ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ብቻ ተቀመጠ። ለፓስታ ግን አምስት ዓመት በቂ ነበር! የኛ ሰው ጣልያን ማድ ቤት ገብቶ አይቷላ። ሹፌሩና ረዳቱ ደግሞ በዚሁ በጣልያን መንገድ ላይ ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ዛሬ ወልድያ ላይ ፓስታ በእንጀራ ስታዝዙ የቅኝ ገዢ ምግብ እየበላችሁ እንደሆነ ትዝ የሚለው ማን አለ? ማንም!

ግን ለቻይናዎቹም ፍትሕ እናድርግ። ምግብ አልተዉም እንጂ የሩዝ መንገድ ትተዋል። ያ የወልድያ መንገድ የሚያልቅበት ወረታ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ፎገራ ደግሞ የአገራችን የሩዝ እናት ነው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው የፎገራ ገበሬ ለረጅም ዘመን የዘራው ዘር ከሰሜን ኮሪያ የመጣ ነው። አያችሁ? በኮሪያ ዘር፣ በቻይና መንገድ፣ በጣልያን ጎዳና አልፎ መርሳ ይደርስና በአረብ ቅመም ይበስላል። የመርሳዋ ሴትዮ ግን የፎገራውን ሩዝ ለሁለተኛው ድስት እንጂ ለዶሮው አትጠቀምበትም። «ወፍራም ነው፣ ይያያዛል። ለከብሳ ረዥሙ ነው» ትላለች።

ከብሳ! የሳህኑ ስም ይኼ ነው። የሳዑዲ ሰው የዘወትር ምግብ ነው፤ ዶሮው ወይም ሥጋው በቅመም ይቀቀላል፣ ሩዙ መረቁን ጠጥቶ ይበስላል። ያ ስሙን ያላወቅሁት ኮምጣጣ ሽታ ጠቁሮ እስኪደርቅ ፀሐይ የመታው ሎሚ ነው። ከብሳ ራሱም ንፁህ አረብ እንዳይመስላችሁ፤ ሩዙ የህንድና የፓኪስታን፣ ቅመሙም በህንድ መርከብ የመጣ ነው። ሴትዮዋ የተማረችው ጂዳ ነው፤ ሰው ቤት።

ታሪኳን በአጭሩ አጫወተችን። የሀብሩ ገጠር ልጅ ናት። በደላላ በኩል ሄደች። ማዳሟ መጥፎ አልነበረችም፣ ደግም አልነበረችም፤ «ማዳም ነበረች» አለች፣ ይኼው። ለአሥራ አንድ ሰው ቤተሰብ በቀን ሁለት ጊዜ ታበስላለች። መጀመሪያ ሩዙን ስታጠነባው ማዳሟ ሳህኑን አንስታ ቆሻሻ ውስጥ ትደፋው ነበር፣ ምንም ሳትናገር። «ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። በስምንተኛው ወር እንግዳ መጥቶ በልቶ «ማን ነው የሠራው?» ብሎ ሲጠይቅ ማዳሟ «እኔ» ብላ መለሰች። እሷ በር ሥር ቆማ ሰማች። «የዚያን ዕለት ነው እንደቻልኩ ያወቅሁት።»

ከዚያ 2006 ዓ.ም. መጣ። ከኅዳር ጀምሮ ሳዑዲ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን እንደተመለሱ ታስታውሳላችሁ። ቦሌ ላይ በየአውሮፕላኑ ሲራገፉ በቴሌቪዥን ያላየ የለም። እሷ ከማዳሟ ወጥታ በግሏ ትሠራ ስለነበር ወረቀት አልነበራትም። አንድ ቦርሳ ልብስና ቅመም ይዛ መርሳ ገባች።

እና ምን ገጠማት? እዚህ ላይ ነው እኔን ያናደደኝ። የላከችው ገንዘብ የቤተሰቡን ቤት ቆርቆሮ አልብሷል፤ ግን ሰፈሩ «አረብ አገር ገረድ የነበረችው» ነው የሚላት። በእጇ ያለውን ሙያ ማንም ሙያ አላለውም። የልብስ ስፌት ብትማር ሙያ ነው፤ የፀጉር ሥራም ሙያ ነው። ለዓመታት በቀን ለአሥራ አንድ ሰው ማብሰል ግን «ገረድነት» ነው! እኛም ከተማ ያለነው ከነሱ አንሻልም። ከአረብ አገር የተመለሰች ጎረቤታችንን «ስንት ይዘሽ መጣሽ?» እንላለን እንጂ «ምን ማብሰል ቻልሽ?» ብሎ የጠየቀ ካለ እጁን ያውጣ።

ሁለት ዓመት ሥራ ፈታ ከተቀመጠች በኋላ ነው፣ አንድ የኢድ ዕለት ለዘመድ የሠራችውን ከብሳ የቀመሰ ሹፌር «ይኼን ለምን አትሸጪውም?» ያላት። ሹፌር ያልኳችሁ ያንኑ የኛን ሹፌር ነው! ለዚህ ነው እያንዳንዱን ጉዞ እዚያ የሚቆመው፤ ቤቱ የሱ ሐሳብ ነው ብሎ ያምናል።

መጀመሪያ ደንበኞቿ እሷን መሰሎቹ ነበሩ፤ ከሳዑዲ የተመለሱ ልጆች። አንዳንዶቹ ሲበሉ ዝም ይላሉ፣ አንዳንዶቹ በአረብኛ ይቀላለዳሉ፤ አንዷ ግን ሽታው ብቻ አንገፍግፏት ከበር ተመልሳለች። እውነቷን ነው፤ ለሁሉም ያ ሽታ አንድ ዓይነት ትዝታ አይደለም። ቀስ በቀስ የመንደሩ ወጣት ገባ፣ ቀጥሎ መንገደኛው። ሄሉ ሲወደድባት ኮረሪማ ጨመረች። ደንበኛው «ይህ ሩዝ አፍ አያቃጥልም» ሲል ዳጣ መጣ። እና ያ ሁለተኛው ድስት! ወሎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም አለ፤ ሠርግና ለቅሶ አንድ ላይ ነው፣ ሥጋው ላይ ሲደርስ ግን ገበታው ለሁለት ይከፈላል። ሴትዮዋ ማንንም ሳታስከፋ ሥጋ የሌለበት ድስት ጣደች፤ ለጾመኛውም ይሆናል። ሲንጋፖርና ማሌዢያ ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የሐይናኑ ሩዝ ከቻይናው ሰፈር ወጥቶ የማላይ እስላሞች ገበታ ላይ «ናሲ አያም» ተብሎ የገባው አሳማ ስለሌለበትና ዶሮዋን በራሳቸው ደንብ ማረድ ስለሚችሉ ነው። ምግብ ሃይማኖት የሚሻገረው በስብከት ሳይሆን በእንዲህ ያለ ትንሽ ዘዴ ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ፣ ልሸፋፍነው አልፈልግም። የሐይናን ሰዎች የሸጡት የእናታቸውን ምግብ ነው፤ ሴትዮዋ የምትሸጠው የማዳሟን ነው። እነሱ ከቀጣሪያቸው የወሰዱት ማስተናገዱን ነው፣ እሷ የወሰደችው ሩዙን ራሱን። እነሱ የሸጡት በተሰደዱበት አገር ነው፣ እሷ የምትሸጠው ተመልሳ በገባችበት። ይኼን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «ማዳሜ አሁን ብትቀምሰው አታውቀውም» አለችኝ። በዳጣው በኩል ነው መሰለኝ ያለችው።

ያን ዕለት እዚያ ቤት ውስጥ ሽንኩርት የሚልጥ የአሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ታናሽ ወንድሟ ነበር። የመርከቡ ልጅ ሒሳብ ሲከፍል ቀስ ብሎ ተጠጋውና «መርከብ ላይ ለመግባት ምን ይጠይቃል?» አለው። ልጁ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ እንግሊዝኛው በቅን ልቦና ያስረዳዋል። ወንድምየው ግን ሲሰማው የነበረው ሌላ መርከብ ነው። እሱ የሚያውቀው በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ላይ ሌሊት የሚጫነውን፣ የመን የሚያራግፈውን ጀልባ ነው። እህቱ ከምድጃው ቀና ብላ አየችው። ምንም አላለችም። ለመርከቡ ልጅ ሳያዝዝ ሩዝ ጨመረችለት፤ ሠላሳ ደቂቃው አልፎ ረዳቱ ክላክሱን እያስጮኸ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በስልክ ነው የሰማሁት። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወደዚያ ሲደርስ ቤቷን ዘግታ ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ፊት ሸሸች። በ2014 ዓ.ም. ተመልሳ ስትገባ አንዱ ድስት አልነበረም፤ በቀረው ጀመረች። ያ መንገድ ከዚያም ወዲህ ሰላም ሲያገኝና ሲያጣ ከርሟል፤ መንገደኛ ሲጠፋ ለሰፈሩ ታበስላለች፣ መንገደኛ ሲመጣ ጨመር ታደርጋለች። ወንድሟ ግን ሄዷል፤ በጀልባው።

ሩዙ አላስቀረውም። እኔ ያስቀረዋል ብዬ ነበር፣ እሷም ብላ ነበር። የመን ላይ ያየውን ለእናቱ አይነግርም። አሁን ሳዑዲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል። በቅርቡ ድምፅ ቀርፆ ላከላት፤ አብሳዩ ሲታመም ተክቶት ከብሳ ሠርቶ ነበርና «ኮረሪማ ብጨምርበት ይጣላሉ?» ብሎ ጠየቃት። «ጨምርበት፣ አትንገራቸው» ብላ መልሳለታለች።

እንግዲህ ቤታችሁ መሞከር ለምትፈልጉ እሷ የነገረችኝን ልንገራችሁ፤ የሲንጋፖሩንም አብሬ። መርሁ አንድ ነው።

የፈረንጅ ዶሮ ከሆነች በቂ ነው፤ የሐበሻ ዶሮ ለዚህ ቶሎ አትለሰልስም፣ በእጥፍ ጊዜ መቀቀል አለባት። ለከብሳ ሽንኩርት በዘይት ቡናማ እስኪሆን አቁላሉ፣ ቲማቲም ጨምሩ፣ ከዚያ ቀረፋ በእንጨቱ፣ ሁለት ሦስት ቅርንፉድ፣ ሄል ወይም ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ካገኛችሁ የደረቀ ሎሚ በስታችሁ ጨምሩ። ዶሮውን ጨምራችሁ አገላብጡና ውሃ ሙሉበት። ሲበስል ዶሮውን አውጥታችሁ ምድጃ ውስጥ ወይም መጥበሻ ላይ ቆዳውን ቀላ አድርጉት።

ለሲንጋፖሩ ግን ቅመም የለም፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ብቻ። ዶሮዋ ሙሉዋን ትገባለች፣ ውሃው ሊፈላ ሲል እሳቱ ይቀነሳል፤ መንተክተክ የለበትም። ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ፣ ጭኗ ሲወጋ ደም የሌለው ንፁህ ፈሳሽ ካወጣች በረዶ ውሃ ውስጥ ይክተታት። ከስቧ ቀንሳችሁ በሱ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አቁላሉ፣ ሩዙንም ጨምራችሁ አማስሉ።

ሩዙ በሁለቱም መንገድ አስቀድሞ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይታጠባል፣ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ ይጠነፈፋል። ለአንድ ስኒ ሩዝ አንድ ስኒ ተኩል የሚሆን መረቅ። ደሴና አዲስ አበባ ላይ ያላችሁ ትንሽ ጨምሩ፤ ደጋ ላይ ውሃ ሳይሞቅ ነው የሚፈላው፣ ሩዙም ይዘገያል። መርሳ ላይ አትጨምሩ። ሲፈላ እሳቱን አነስ አድርጋችሁ ክደኑት። መረቁ ሲጠፋ አውርዱትና አሥር ደቂቃ እንደተከደነ ተዉት። ክዳኑን እያነሣችሁ አትዩት። ሴትዮዋ ወንድሟን ሽንኩርት እያስላጠች ስትቆጣው የሰማሁት በዚሁ ነበር፤ ድስቱን አሥር ጊዜ ነበር የሚከፍተው።